ምንም አይፈጠርም

በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኳት ሁለት ቃል ናት። ከጻፍኳት ዓመት አልፏታል፤ ዛሬም ልተኛ ስል ትመጣብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን አንድ ወጣት አዲስ ተውኔት ጽፎ እንዳነብለት ፎቶ ኮፒውን አመጣልኝ። በእጁ የጻፈው 32 ገጽ ነው፤ የደብተሩ መስመር ሳይቀር በኮፒው ላይ ይታያል። እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ቡና ሲጠጡ ይጀምራል፤ ቡና ሲጠጡ ያልቃል። ልጅቱ ከቤሩት ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው። ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ ጎረቤት አጥር ያወራሉ፣ ልጅቱ ስላመጣችው ጫማ ያወራሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ንባቤ፣ ገጽ 11 ላይ፣ ኅዳጉ ውስጥ፣ «ምንም አይፈጠርም» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

የባሰ የሚያሳፍረኝ ማስመሬ ነው። የጻፈ ሰው ሲጠራጠር ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ያሰመረ ግን እርግጠኛ ነበር።

አዲስ ሲሉኝ

እኔ የመድረክ ሰው አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ደረሰኝ ከመዝገብ ሳመሳክር እውልና ማታ ተውኔት አነባለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቴአትር ይታያል እንጂ ይነበባል እንዴ?» ማየቱንማ ማን ጠላ! አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ አዳራሹም ባለሙያውም በዛ። ከኛ ከተማ እስከ እነሱ በር ያለው 130 ኪሎ ሜትር ግን አንድ ሜትር አላጠረም።

ደግሞ እኮ ድርሰቱ ከኛው ነው የወጣው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሸዋ ሰው ናቸው። ሩሲያ ተምረው መጥተው የሹማምንቱን ብልሹነት በአውሬ አፍ ቢናገሩት ጊዜ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። «አኒባል»ንና «የትንቢት ቀጠሮ»ን የጻፉልን ከበደ ሚካኤል ደግሞ የመንዝ ልጅ ናቸው። እኔንም ተውኔት ማንበብ ያስጀመረኝ «አኒባል» ነው። ሽፋኑ የወለቀ አንድ ቅጂ መንዝ አባቴ ቤት ነበር፤ በግ ስጠብቅ ድንጋይ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነበው በጎቹ ማመንዠካቸውን ትተው ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ተመልካች አላገኘሁም።

ከዚያ የታተመ ተውኔት ሁሉ እያሳደድኩ አነበብኩ፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ የመንግሥቱ ለማን። እወዳቸዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገርና «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ስከፍት ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው። ታላቅ ሥራ መሆኑን መምህሬ ነግሮኛል፣ ራዲዮኑም ነግሮኛል፤ ለኔ የቀረልኝ አሜን ማለት ነው። አዲስ ተውኔት ግን ገና የማንም አይደለም። ማንም አላጨበጨበለትም፣ ማንም አልናቀውም። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ የጾም መፍቻ ዶሮ የሸተተው ሰው እሆናለሁ።

ችግሩ ግን አዲሱ አይታተምም። የድሮዎቹ ቢያንስ መጽሐፍ ሆነው ቀርተውልናል። የዛሬው በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት፣ ሲብስም ዓመታት ይቆይና ከመድረክ ሲወርድ ጽሑፉ የት እንደገባ አይታወቅም። መጽሐፍ ሻጩን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ተውኔት አይሸጥም» ይለኛል፣ ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ነው። ደራሲዎቹም ስክሪፕታቸውን እንደ ጥሎሽ ወርቅ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ይይዙታል፤ ተሰርቆ በሌላ ሰው ስም መድረክ ላይ ቢያዩትስ? አልፈርድባቸውም። ስለዚህ አዲስ ተውኔት ለኔ የሚደርሰኝ በወሬ ነው። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነውን «እያዩ ፈንገስ»ን መጀመሪያ ያወቅሁት፣ አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ አይቶት መጥቶ ጠባሴ አንድ አረቄ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲተውንልኝ ነው። ያን ማታ ከሰማሁት የቱ የደራሲው፣ የቱ የአረቄው እንደነበር እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አንድ ጊዜ ወሬው ጭራሽ አላስቀምጥ አለኝ። «ይሄ እንዳያመልጥህ» ስለተባለ አንድ ቴአትር ብዬ እሑድ በማለዳ ተሳፈርኩ። ላምበረት ወረድኩ፣ ሁለት ታክሲ ቀያየርኩ፣ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ «ዛሬ ስብሰባ ነው» አለኝ።

«ቴአትሩስ?»

«ለሳምንት።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ማለት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከቤት የያዝኩትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ የተለጠፈውን ፖስተር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከተዋንያኑ ስም እስከ ማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር። የዚያን ቀን ያየሁት ቴአትር እሱው ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ 32 ገጹን ይዞ ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። አዲስ ተውኔት በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣልኝ! አሁን ሳስበው ግን ደስታዬ ንጹሕ አልነበረም። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ መፍረድም አምሮኝ ነበር።

ፈረድኩም። ሻይ ቤት ቀጠርኩትና «ቋንቋህ ጥሩ ነው፤ ግን ምንም አይፈጠርም። ሰው ብር ከፍሎ ሁለት ሴቶች ቡና ሲጠጡ ለማየት አይመጣም፤ እሱን ቤቱም ያየዋል» አልኩት። ይቺን አባባል መንገድ ላይ ነው ያዘጋጀኋት፤ ስትወጣልኝ ደስ አለኝ። ልጁ አልተከራከረም። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ሻዩን ሲያማስል ቆየና «እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ» ብሎ ሄደ።

እንዝርቷ ስትቆም

አክስቴ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከመንዝ የመጡት በታኅሣሥ ነው። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። እትዬ ግን የኛን ብርድ ይንቁታል። «ይቺም ብርድ ሆና?» እያሉ ባናቸውን ይከናነቡና ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቴአትር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል እትዬ «ያን የምታነበውን እስቲ ለኔም አሰማኝ፤ ብቻህን ከንፈርህን ከምታንቀሳቅስ» አሉኝ። ለእጄ የቀረበው ያ ፎቶ ኮፒ ነበር። በስልኬ መብራት ማንበብ ጀመርኩ።

እንዴት እንደማነብ ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ እዚያ ላይ ነውና። ተውኔት ሳነብ የሰውየውን ስምና ንግግሩን አነባለሁ፤ በቅንፍ ያለውን እዘለዋለሁ። ትነሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ዝምታ፤ ይሄ ሁሉ ለአዘጋጁና ለተዋናዩ የተጻፈ ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ እል ነበር። ለእትዬም እንደዚያው አነበብኩላቸው። እናት እንዲህ አለች፣ ልጅ እንዲህ አለች። በግ። አጥር። ጫማ። እንዝርቷ በፍም ብርሃን ትሾራለች፣ ክሩ ይረዝማል፣ ይጠመጠማል፣ እንደገና ትሾራለች። አራት አምስት ገጽ እንደሄድኩ እንዝርቷ ቆመች።

«ቆይማ» አሉ። «ሲኒው ስንት ነው?»

«የቱ ሲኒ?»

«ቡና እየጠጡ አይደለም እንዴ? የቀረበው ስንት ነው?»

አላውቅም። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ሰውዬ፣ እንጀራዬ ቁጥር የሆነው ሰውዬ፣ አላውቅም። «ሁለት ይሆናላ እትዬ፤ ሁለት ናቸው» አልኩ።

«ይሆናላ አትበለኝ፤ እየው።»

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የኔ ደግሞ ተጠይቄም ሊቀርብኝ ነበር። ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ በቅንፍ ውስጥ «ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ» ይላል። ገጽ 4 ላይ «ሦስቱንም ትቀዳለች»። ገጽ 11 ላይ፣ ቀዩ መስመሬ ባለበት፣ ልክ ከጎኑ፦ «ሦስተኛዋን ታነሳለች። ቀዝቅዛለች። ትደፋታለች። ታለቀልቅና እንደገና ትቀዳለች።»

አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እትዬ የያዙትን ጠጉር ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ወጥቶ የቀረባት ልጅ አለ» አሉ።

«ሞቶባት ይሆናላ» አልኩ፤ አሁንም ለመፍረድ እየተጣደፍኩ።

«የሞተ አይደለም። የሞተ ቢሆን እርሟን ታወጣ ነበር። ለሞተ ተዝካሩ ይወጣለታል እንጂ ቡና ይቀዳለታል?» እንዝርታቸውን አነሱና «በል ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ፤ አሁን ቅንፉንም እያነበብኩ። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ተውኔት አልነበረም። እናትየዋ ስለ በግ ዋጋ ስታወራ ልጅቱ ሦስተኛዋን ሲኒ ታያለች። እናትየዋ የአጥሩን ነገር ስታነሳ ልጅቱ እጇን ወደ ሲኒዋ ትልክና ትሰበስበዋለች። በግና አጥር እያሉ የሚዞሩት አንድ ነገር ላለመናገር ነው፤ ልጅቱ ስለ ወንድሟ የምታውቀው ነገር አለ፣ ይዛው ነው የመጣችው። ገጽ 26 ላይ እናትየዋ ሦስተኛዋን ቀድታ ታስቀምጣለች። ልጅቱ ታነሳታለች። ትጠጣታለች። ዝምታ። ከዚያ እናትየዋ «በግ እኮ ዋጋው ወረደ አሉ» ትላለች።

እንዝርቷ ከእትዬ እጅ አመለጠችና ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

«ውይ! ነገረቻት» አሉ።

ነገረቻት። እኔ ምንም አይፈጠርም ባልኩት ድርሰት ውስጥ አንዲት ልጅ ለእናቷ የወንድሟን መርዶ በአንድ ሲኒ ቡና ነገረቻት፤ እናትየዋም ሰማች፣ የሰማችውንም ስለ በግ ተናገረች። እንደ እውነቱ ከሆነ አገራችን መርዶ የሚነገረው እንዲያው ነው፤ አስቀድሞ ሌላ ነገር እየተወራ። ይህንን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በቤተሰባችንም ወጥቶ የቀረ ሰው አለ፤ ስለ እሱ አይወራም። እትዬ ያን ማታ አላነሱትም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እንዝርቷን አንስቼ ሰጠኋቸው፣ መብራቱም ሳይመጣ ተኛን።

እኔ እንኳ አልተኛሁም። መጻሕፍቴን አውርጄ በስልክ መብራት ቅንፍ ቅንፉን ብቻ ሳነብ አደርኩ። እኛ ቅኔ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ወርቁን ቃል ውስጥ ቆፍረን ማውጣት ለምደናል። አንድ መስመር ስንሰማ ወዲያው ሁለት ትርጉም ያዘለውን ኅብረ ቃል እንፈልጋለን። ሲኒ ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣ ያልተከፈተ መስኮት ላይ የሚፈልግ ግን ስንት ነው? ዝም አይነቅዝም እያልን እንተርታለን፤ መጽሐፍ ላይ «ዝምታ» ተብሎ ሲጻፍልን ግን ዘለነው እናልፋለን። አዳራሽ ውስጥ ብሆን ኖሮ ሦስቱ ሲኒዎች ዓይኔ ሥር ስለሚቀመጡ እንኳን እኔን፣ ማንንም አያመልጡም ነበር። አንባቢ ግን ረከቦቱን ራሱ ካላቀረበ የሚያቀርብለት የለም። መቶ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር ስረግም የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ድረስ ለመጣው ተውኔት ሦስት ሲኒ ማቅረብ አቅቶኝ ነበር።

ተስተካክሎ

ጠዋት ልጁ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልናገር «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዳሉኝ አስተካከልኩት፤ ክበባችን ተቀብሎ ልምምድ ጀምረናል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ስሰማ የያዝኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም ከተውኔት አንባቢነቴ ጋር መዝግቡልኝ።

በጥር ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የፊት ወንበር ስለተያዘልን እትዬን ደግፌ አስቀመጥኳቸው። በሕይወታቸው የመጀመሪያ ቴአትራቸው ነው። መጋረጃው ሲገለጥ እናትየዋ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከሰሉ እውነተኛ ነው፣ ዕጣኑ እኛ ድረስ ይመጣል። እትዬ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«አንዷን ሲኒ ማን ወሰዳት?»

ከኋላችን ያለችው ሴት «እሽ» አለችን። እኔም ሳልመልስላቸው ቀረሁ።

ሁለት ሲኒ ነው ያለው። በአጥሩና በበጉ ፈንታ እናትየዋ መሐል ላይ ብድግ ትላለች፣ ወደ ሕዝቡ ትዞራለች፣ የጠፋ ልጇን እያነሳች አንድ ገጽ ተኩል ትናገራለች፤ ሲሄድ ምን እንደለበሰ፣ ምን ብላ እንደመረቀችው፣ ስንት ዓመት እንደጠበቀችው። ልጅቱም ተንበርክካ እውነቱን ትነግራታለች። ጩኸት፣ ለቅሶ፣ መጋረጃ።

ሕዝቡ ወደደው። ይህን መደበቅ አልችልም። የጎኔ ሰውዬ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁ፤ ጭብጨባውም ከልብ ነበር። ተዋናይቷ ደግሞ የዋዛ አልነበረችም። ምናልባት በእኔ ምክር ተውኔቱ ለአዳራሹ ተሻለለት፣ ምናልባት ያ ሁሉ ሰው ሁለት ሴቶች ሲኒ ሲያዩ አርባ ደቂቃ አይቀመጥም ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ለማጽናናት እሞክርና የእትዬ እንዝርት ስትንከባለል ይሰማኛል። እሳቸው አላለቀሱም። ስንወጣ ዱላቸውን እያስተካከሉ «ደኅና ነው፤ ብቻ ብዙ ለፈለፈች» አሉ።

በር ላይ ልጁን አገኘሁት። እንኳን ደስ አለህ አልኩና የሲኒውን ነገር አነሳሁ። ገጽ በገጽ ነገርኩት፤ ገጽ 26ን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ... ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያኔ አላየሁትማ።»

ትንሽ ዝም ብለን ቆምን። የድሮውን ጽሑፍ እንዳይጥለው ለመንኩት። ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አይመስልም። ለአዲሱ ቦታ ለማግኘት ገጾቹን ከደብተሩ ገንጥሎ ጥሏቸዋል። ያለው አንድ ቅጂ እኔ ጋ ያለው ነው።

ኮፒ ቤት

በማግሥቱ 32ቱን ገጽ ይዤ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ጠርዙ ላይ የከሰል ጥቀርሻ ነክቶታል፣ አንዱ ገጽ ላይ አንዲት የበግ ጠጉር ክር ተጣብቃለች። ሦስት ሦስት ቅጂ አዘዝኩ፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱን ለማን እንደሆነ አላሰብኩበትም። ቀዩን ጽሑፌን ከማባዛቴ በፊት ላጥፋው ብዬ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶ በምን ይጠፋል?

ማሽኑ የሚያትመው ጥቁርና ነጭ ነው። ገጽ 11 ሲወጣ ቀዩ ጠቁሮ ወጣ። የልጁም የእጅ ጽሑፍ፣ የኔም የእጅ ጽሑፍ፤ ቀለማቸው አንድ ሲሆን አይለዩም። ኮፒ የምታደርገው ልጅ ወረቀቱን ብድግ አድርጋ አየችው፤ ሥራ ሲቀዛቀዝባት የሰው ጽሑፍ የምታነብ ዓይነት ናት። ጣቷን ኅዳጉ ላይ አሳርፋ፦

«ጋሼ፣ ይቺ ‹ምንም አይፈጠርም› የማን ንግግር ናት? የእናትየዋ ነው የልጅቷ?»